የካስማው ቅባት

የአውቶቡስ ጣቢያው ድምፅ ማጉያ በየማለዳው ሲከፈት መጀመሪያ የምትሰማው ደወል ነበረች። ደወል ቅጽል ስሟ ነው፤ ያወጡላት ሾፌሮቹ ናቸው። ድምጿ ቀጭንና ጥርት ያለ ስለሆነ ሃያ ሞተር በአንድ ላይ እያጓራ እንኳ መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ይገባል። «የቁጥር አራት ተሳፋሪዎች፣ መኪናችሁ ሦስተኛው በር ላይ ቆሟል» ስትል፣ ሻንጣ አንጠልጥሎ ልጅ አዝሎ የሚንከራተተው ሁሉ ፊቱ ይፈታል። ይህንኑ ስትል ኖራ አንድም ቀን ሰልችቷት አያውቅም። የምትቀመጥባት የመስታወት ክፍል ከቁም ሣጥን ብዙም አትሰፋም፤ እሷ ግን ቤተ መንግሥት ቢሰጧት አትለውጣትም።

ባሏ የዚያው የቁጥር አራት ሾፌር ነው። እሱን ካስማው ይሉታል። ስሙን ያገኘው በመሪ አይደለም፣ በገመድ ነው። በዓመት አንድ ቀን የጣቢያው ሾፌሮችና የጋራዡ ሠራተኞች ግቢው መሀል ገመድ ይጓተታሉ፤ የሾፌሮቹን ገመድ ጫፍ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ ከሁሉ ኋላ የሚቆመው እሱ ነው። አንዴ ተረከዙን ከተከለ እንኳን ጋራዥ ጋራም ቢጎትተው አይነቃነቅም ይባልለት ነበር።

ባለፈው ዓመት ግን ካስማው ተነቀለ። መነቀል ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! በሆዱ ተደፍቶ፣ እንደ ጤፍ ከረጢት እየተጎተተ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዶ መስመሩን አለፈ። የጋራዡ ቡድን አለቃ ጎማ ጠጋኙ ጎሚስታ ነው፤ መጥቶ ከወደቀበት አነሣው፣ አቧራውን አራገፈለትና ፈገግ ብሎ «አይዞህ ጋሼ፣ ካስማም እኮ ይነቅዛል» አለው። በጥፊ ቢለው ይሻል ነበር።

ደወል ቤት ወስዳ ጉልበቱን አጠበችለት፤ እያጠበችም ሳቀች። «ለገመድ ብለህ ነው እንዴ ፊትህን የምታጠቁረው? እርጅና እንደሆነ አንተን ብሎ አልመጣም» አለችው። ከዚያ እንደ ወትሮው ጉንጯን ግራ ክንዱ ላይ አሳርፋ እንቅልፏን ለጥ አለች። ከተጋቡ ጀምሮ የምትተኛው እዚያው ክንድ ላይ ነው። አልጋው ላይ ትራስ የለም ማለት አይደለም፤ እሷ «ትራስ ለእንግዳ ነው» ትላለች።

እሱ ግን የጎሚስታው ቃል ጉሮሮው ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅሮ ቀረ።

ከጣቢያው ጀርባ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ ቤት አለ፤ ገና ከበሩ የላስቲክና የላብ ሽታ ይቀበላል። አሰልጣኙ አንገቱ ከጭንቅላቱ የሚወፍር፣ ሲናገር ግን እንደ ሕፃን አስተማሪ ረጋ ያለ ልጅ ነው። ካስማው ችግሩን በዞረ አነጋገር አስረዳው፤ «አንድ የማውቀው ሾፌር አለ» ብሎ ጀመረና መጨረሻ ላይ «ጉልበቴ ከድቶኛል» አለ። አሰልጣኙ ከመደርደሪያ ላይ ኮርማ የተሳለበት ትንሽ ብልቃጥ አወረደ።

«ይሄ ሆርሞን የሚሉት ነው እንዴ? እኔ እንደዚያ ዓይነት ጣጣ አልፈልግም» አለ ካስማው፣ እጁን ሰብሰብ አድርጎ።

«ኧረ ጋሼ! ሆርሞን መቼ ወጣኝ? የሆርሞን ጥሬ ዕቃ ነው። ሊጥ በለው። ዳቦውን የሚጋግረው የራስህ ሰውነት ነው።»

«ሊጥ ብቻ?»

«ሊጥ ብቻ። ማታ ማታ ክንድህን፣ ከብብትህ ወረድ ብለህ ትቀባዋለህ፤ ሰውነትህ ደግሞ የሚጎድለውን ያውቃል።»

ይህ አነጋገር ለካስማው ጣመው። ሊጥ ማንን ይጎዳል? ብልቃጡ ላይ በባዕድ ቋንቋ የተጻፈ ብዙ ነገር ነበር፤ ካስማው አላነበበውም፣ አሰልጣኙም ከኮርማው ሥዕል አላለፈም። ወንድ ልጅ ጉልበት በብልቃጥ ይሸጣል ሲሉት የማያነበው ነገር መቼም አያልቅም።

ለሚስቱ አልነገራትም። ብትሰማ እንደምትስቅ ያውቃል፤ እሷ ከሳቀች ደግሞ ሰፈር ይሰማል። ስለዚህ ብልቃጡን የጫማ ቀለም ሣጥን ውስጥ ቀበረው። ማታ እራት እንደተነሣ «እስቲ ጫማዬን ልቀባ» ብሎ ወደ በረንዳ ይወጣል፤ በቀኝ እጁ ዝቆ ግራ ክንዱን ከብብት እስከ ክርን ያሽና፣ ለማስመሰል ያህል ጫማውን ሁለት ሦስቴ በብሩሽ ፈተግ ፈተግ ያደርጋል። በከተማው ታሪክ እንደዚያ የሚያብረቀርቅ ጫማ ያደረገ ሾፌር ታይቶ አያውቅም። የእሷንም መቀባት ጀመረ። ደወል ለሥራ ባልደረቦቿ «ባሌ በስተርጅና ሙሽራ ሆነልኝ» እያለች ታወራ ነበር። እሱ ተመልሶ ሲጋደም፣ እሷ እንደ ልማዷ ጉንጯን እዚያው የታሸው ክንድ ላይ ታሳርፋለች።

ወራት አለፉ። ካስማው በመስታወት ፊት ይቆምና ደረቱን ነፋ አድርጎ ወደ ጎን ያያል። ደረቱ እየሞላ ነው! የሸሚዙ ቁልፍ ጠበቀው። የጡቱ ጫፍ ጨርቅ ሲነካው ያመዋል፤ ጉድጓድ ያለበት መንገድ ላይ ሲደርስማ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው ደረቱን ይደግፋል። «ጡንቻ ሊበቅል ሲል እንዲህ ነው» ይላል ለራሱ። ክብደት ሲያነሣ ግን ከአምናው አንዲት ኪሎ አልጨመረም። ይህን ነገር ላለማየት ዓይኑን ጨፈነ።

ደወል ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። መጀመሪያ ግንባሯ ላይ ብጉር ፈላ። «በዚህ ዕድሜዬ ኮረዳ ሆንኩ!» ብላ ሳቀች። ቀጥሎ አገጯ ላይ ሁለት ሦስት ፀጉር ብቅ አለ፤ በወረንጦ ነቀለችው። ሳምንት ሳይቆይ ዘመዶቹን ይዞ ተመለሰ። እሱንም ለማንም ሳትናገር ነቀለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ማይክራፎኑን ከፍታ «የቁጥር አራት ተሳፋሪዎች» ስትል፣ የሚያጓራ የወንድ ድምፅ ጣቢያውን ሞላው። ደወል ደንግጣ ማን ገባ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ማንም አልነበረም።

ትኬት ቆራጩ በመስኮቱ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ደወል ዛሬ ቀርታ ነው? ወንድሟን ነው የላከችው?» አለ። ጣቢያው ሳቀ፤ እሷም አብራ ሳቀች። ጉንፋን ነው ተባለ። ማር ላሰች፣ ዝንጅብል ጠጣች፣ ፎጣ ተከናንባ እንፋሎት ታጠነች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ጉንፋኑ ይለቃል ሲባል ድምጿ በየሳምንቱ አንድ ደረጃ ወደ ታች ወረደ፤ ቀልደኞቹም «ደወሏ ከበሮ ሆነች» ማለት ጀመሩ።

ቀልዱን ሁሉ ቻለችው። ያልቻለችው የልጇን ስልክ ነው። ሌላ ከተማ የምትኖር ልጃቸው አንድ እሑድ ደወለችና እናቷ ስታነሣው «አባዬ፣ እንዴት አደርክ? እማዬን አቅርብልኛ» አለቻት። ደወል ምንም ሳትል ስልኩን ለባሏ ሰጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቤት ውስጥ ካልጨነቃት በቀር አትናገርም። ካስማው ያንን ዝምታ ፈራው። ድሮ በር ሲከፍት «መጣህ?» የሚለው ድምፅ ነበር ጫማውን የሚያስወልቀው፤ አሁን በሩን ከፍቶ እዚያው ይቆማል። ናፈቀችው፤ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ናፈቀችው።

የጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ግን ተሳፋሪ አማረረው፦ አንዱ ሻጭ መስሎኝ ዝም አልኩ ይላል፣ ሌላው በሩን ሳትኩ ይላል። ስለዚህ አስቀድሞ ድምፅ የተቀዳበት ማሽን አስመጣና ደወልን ጠርቶ ነገራት።

«እስከ ገመዱ ቀን ማሽኑን በውሰት ነው የሰጡን። ድምፅሽ እስከዚያ ከተመለሰ ወደ ቦታሽ ትገቢያለሽ፤ ካልተመለሰ ግን ማሽኑን መግዛቴ ነው። ምን ላድርግ እትዬ?»

እስከዚያው የጠፋ ዕቃ ክፍል መደባት። ጃንጥላ፣ ነጠላ ጫማ፣ የማን እንደሆነ ያልታወቀ ሰው ሠራሽ ጥርስ። «ደግ አደረገ፤ ድምፅም ዕቃ ነው፣ ከጠፋ እዚሁ ነው የሚፈለገው» አለች ለባሏ። ሊስቅ ሞከረ፣ አልወጣለትም።

የጉሮሮ ሐኪሙ በመሣሪያ አየና የድምፅ አውታሯ ወፍሯል ብሎ ወደ ሆርሞን ሐኪም ላካት። የሆርሞን ሐኪሟ ወጣት ናት፤ በአፏ ከምትናገረው በእጇ የምትናገረው ይበልጣል። ደሟ ተመረመረ። ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ እጇን ከወገቧ በላይ አድርጋ «ከኩላሊት አናት ላይ እንደ ኮፍያ የተቀመጠች ዕጢ አለች» አለች። «እዚያ እባጭ ካለ እንዲህ ያለ ነገር ያመጣል። አለ ማለቴ አይደለም እናቴ። በሲቲ ስካን እንየው።»

የምርመራው ተራ እስኪደርስ ካስማው ሰው አልነበረም። እህል አልወርድ አለው። አንድ ፌርማታ ዘሎ አለፈና ተሳፋሪ በጩኸት መለሰው። «እባጭ» የሚለው ቃል በየመታጠፊያው ይጠብቀዋል። ሚስቱን ደግፎ የሚያቆማት እሱ ስለሆነ ጉልበት ያስፈልገኛል ብሎ አሰበና፣ የጅል ነገር፣ ቅባቱን እጥፍ አደረገው። እሷንም ከወትሮው አጥብቆ ክንዱ ላይ ያቅፋት ጀመር። ፍቅር እንዲህ ሲያጠፋም አለ።

ውጤቱን ሊሰሙ አብረው ገቡ። ሐኪሟ ፎቶውን ብርሃን ላይ አንጠልጥላ ገና ሳይቀመጡ «ንጹሕ ነው! ምንም የለም!» አለች። ደወል ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ተነፈሰች፤ ካስማው ወንበሩን ሳተና ሊወድቅ ሲል ግድግዳው ያዘው።

«ግን አንድ ነገር አልገባኝም» አለች ሐኪሟ ተቀምጣ። «እባጭ ከሌለ ይሄ ሁሉ ከየት መጣ? ደምዎ ውስጥ የበዛው ራሱ ሆርሞኑ አይደለም፣ ጥሬ ዕቃው ነው። ሰውነት እሱን ይወስድና ወደ ሌላ ሆርሞን ይለውጠዋል። ሴት ላይ ሲበዛ የወንዱ ሆርሞን ያይላል፤ ብጉር፣ ጢም፣ ድምፅ መወፈር ከዚያ ነው። የሚውጡት ክኒን አለ? የሚቀቡት ነገርስ?»

«እኔ? ከሳሙናና ከቫዝሊን ሌላ ምንም» አለች ደወል በዚያ ወፍራም ድምጿ።

ጥሬ ዕቃ። ካስማው ይህን ቃል የት እንደሰማው አላጣውም። ተማሪ ቤት እንዳለ ልጅ እጁን አወጣ።

«ዶክተር... ይሄ ጥሬ ዕቃ ያልሽው... እንደ ሊጥ ነው?»

«በትክክል! እንደ ሊጥ። ሊጡ አንድ ነው፣ ጋጋሪው ግን ቤት ለቤት ይለያያል። ያውቁታል እንዴ አባቴ?»

«ትንሽ ትንሽ።» ላቡን ጠረገ። «ለመሆኑ ወንድ ላይ ሲሆንስ ምን ያደርጋል? ጉልበት... ይሰጣል አይደል?»

«የሚሸጡት ሰዎች እንደዚያ ይላሉ። እውነቱን ለመናገር ጉልበት ሲጨምር አላየንም። አንዳንዱ ወንድ ላይ ጭራሽ ወደ ሴት ሆርሞን ይለወጥና ጡት ያበቅልበታል።»

የካስማው እጅ ሳያዘው ወደ ደረቱ ሄደ። ደወል እጁን አየች። ከእጁ ወደ ደረቱ፣ ከደረቱ ወደ ግራ ክንዱ፣ ከዚያ ወደሚያብረቀርቀው ጫማው ዓይኗ ወረደ።

«እስቲ ጫማዬን ልቀባ» አለች ቀስ ብላ።

አንድ በአንድ አወጣው፤ ጎሚስታውን፣ ኮርማውን፣ በረንዳውን። ሲናዘዝ ቀና ብሎ አላያትም። ሐኪሟ ሸሚዙን አስከፈተችው፤ በጣቷ ጫን ስትለው «ኧረ ቀስ!» ብሎ ዘለለ። «ጡንቻ አይደለም» አለች፣ ከንፈሯን ነክሳ ሣቋን እየዋጠች። «ጡት ነው። ቅባቱ ቆዳ ከቆዳ ሲነካካ ወደ ሌላ ሰው ያልፋል። እትዬ፣ ለመሆኑ የሚተኙት እንዴት ነው?»

መጀመሪያ የደወል ትከሻ ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ከሆዷ ሥር የመጣ ሣቅ ፈነዳ፣ ጠዋት እንደሚነሣ የናፍጣ ሞተር እየተንተከተከ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቀው በሽተኛ ሁሉ አብሯት ሳቀ፤ ምን እንደሆነ ሳያውቅ። «እሱ ጢሙን ለእኔ ሰጠኝ፣ የእኔን ጡት ወሰደ!» አለች እንባዋ እየወረደ። «አንተ ሰውዬ! እኔ ሞቴን ስጠብቅ አንተ ጫማ ትቀባለህ?» ብላ ከክንዱ ላይ አንድ ከባድ ቡጢ አሳረፈችበት። ለካ ጉልበት የጨመረችው እሷ ኖራለች።

ሣቁ ሲበርድ ግን ዋናውን ጠየቀች። «ድምፄስ ይመለሳል?»

ሐኪሟ አላቆላመጠችም። ብጉሩ ይደርቃል፣ ፀጉሩም ቀስ በቀስ ይቀንሳል፣ የድምፅ አውታር ግን አንዴ ከወፈረ እንደ ድሮው መቅጠኑ ይቸግራል አለች። ደወል ራሷን ነቀነቀች። ካስማው ግን ያኔ ነው ሁሉ ነገር የገባው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እሱም ለአንድ ገመድ ሲል ሲያፈቅረው የኖረውን ድምፅ ጣለ፣ ያውም በገዛ ብብቱ ሥር።

በዚያን ቀን ሳሙናና ብሩሽ ይዞ ክንዱን እስኪቀላ ፈተገው፤ አንሶላውንም የትራስ ልብሱንም እሱ አጠበ። አልጋ ላይ ሲወጣ ትራሱን ወደ እሱ ገፋችለት። ያ ማለት እንግዳ ነህ ማለት ነው። ይገባኛል ብሎ እንግዳ ሆኖ ተኛ። በነጋታው ብልቃጡን ለአሰልጣኙ ሊመልስ ሄደና፣ ብዙ ከመናገር ብሎ ክብደት የሚያነሡት ጎረምሶች ፊት ሸሚዙን ከፍቶ አሳያቸው። ሦስቱ ወዲያው ብልቃጣቸውን ከቦርሳ አወጡ።

የገመዱ ቀን ደረሰ። የደወል ድምፅ እንዳለ ነበር፤ እንዲያውም መወላወሉን ትቶ እዚያው ታች ረጋ። ኃላፊው ዳኛ ስለሆነ ፊሽካ አንጠልጥሎ መሀል ቆመ፤ ማሽኑን የሚሸጡትም ሰዎች ውሉን ሊያስፈርሙ መጥተው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ካስማው ጓደኞቹን «እኔ አሁን ባዶ ነኝ፤ ሌላ ሰው ከኋላ አቁሙ» ብሎ ለመናቸው። «ካስማ በመንገድ ላይ አይለወጥም» ብለው ገመዱን ወገቡ ላይ ጠመጠሙበት።

ፊሽካው ተነፋ። ጋራዦቹ ከመጀመሪያው ትንፋሽ ጀምሮ ይስቡ ያዙ። ጎሚስታው ከፊት ሆኖ ይስቃል፦ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም! ልቀቀው ጋሼ፣ ሱሪህ ይተርፍልሃል!» የካስማው ተረከዝ አፈሩን እያረሰ ተንሸራተተ። ጉልበቱ ታጠፈ። ደረቱ አመመው። ደወል የጠፋ ዕቃ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ታያለች፤ ስንት ሳምንት አፏን ዘግታ ሰው መሀል የቆየች ሴት ናት። የሚንሸራተተውን ተረከዝ አየችና ዝምታዋን ረሳችው።

«ያ—ዝ!»

ጣሪያ ላይ ያሉ ርግቦች ብር አሉ። ወደ ግቢው የሚገባ አውቶቡስ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለቱም ቡድን፣ ሾፌሩም ጋራዡም፣ እንደታዘዘ ያዘ፤ ገመዱ አየር ላይ ደርቆ ቀረ። ጎሚስታው ማን ነው የጮኸው ብሎ ወንድ ፍለጋ ግራና ቀኝ ያያል።

«ሾፌሮች! ተረከዛችሁን ትከሉ! ሁላችሁም አንድ ላይ... ሳብ! አንድ ላይ... ሳብ!»

እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ከዚህች ሴት አፍ ቃል ሲወጣ ማርሽ ሲያስገቡ የኖሩ ናቸው። እግራቸው አእምሯቸውን አልጠየቀም። ካስማው ጉልበት ከየት እንደመጣለት አያውቅም፤ ብቻ «ሳብ» ባለች ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጋራዦቹ ድምፁ የማን እንደሆነ ሲገባቸው ጎሚስታው በሆዱ ተደፍቶ መስመሩን አልፎ ነበር።

«ይሄ ግፍ ነው!» ብሎ ተነሣ፣ አቧራውን እየተፋ። «በድምፅ ማጉያ ማዘዝ አይፈቀድም!»

«የትኛው ድምፅ ማጉያ?» አለ ኃላፊው። «ጠዋት ነው የተዘጋው።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ደወል እጇን አፏ ላይ ጭና ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ፤ የወጣ ድምፅ ተመልሶ አይዋጥም። እጇን አወረደችና ሰዎቹን ሰንጥቃ ወደ ኃላፊው ሄደች።

«ድምፄ አልተመለሰም» አለችው። «አይመለስምም። ይሄ ሌላ ነው። ግን የኔ ነው፤ ከኔ ጉሮሮ ሌላ የሚኖርበት ቦታ የለውም። ሰው ካልሰማኝ፣ በሩንም ከሳተ፣ ማሽንህን ግዛ። አንድ ጠዋት ሞክረኝ።»

ኃላፊው ጥላ ሥር የተቀመጡትን ነጋዴዎች አየ፤ ከዚያ ገና መሬት ላይ የተቀመጠውን ጎሚስታ አየ። «አንድ ጠዋት» አለ። «ካልሆነ ከሰዓት በኋላ እፈርማለሁ።»

በነጋታው ካስማው ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ፤ ማንም አልነገረውም። ሦስተኛው በር ላይ አውቶቡሱን አቁሞ ሞተሩን አስነሣ። ግቢው እንደ ማንኛውም ጠዋት ነው፦ ሻንጣ፣ ግፊያ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ኃላፊው ቢሮው በር ላይ ክንዱን አጣምሮ ቆሟል። ካስማው ወደ መስታወቷ ክፍል ቀና ብሎ ማየት ፈርቶ ዳሽቦርዱን ያያል።

«እንደምን አደራችሁ» አለ ድምፅ ማጉያው።

መጀመሪያ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠች። ሰዉ ቀና ቀና አለ።

«የቁጥር አራት ተሳፋሪዎች፣ መኪናችሁ ሦስተኛው በር ላይ ቆሟል።» አሁን ረጋች። ድምጿ እንደ ድሮው አይሰነጥቅም፤ ከታች ይመጣና ግቢውን እንደ ጋቢ ያለብሰዋል። ግፊያው ላላ። ሕፃኑ ሳይቀር ማን ነው ብሎ ዝም አለ። ሻንጣዎቹ አንድ በአንድ ተነሡና ወደ ሦስተኛው በር ጎረፉ፤ አንድም ሰው አልሳተም።

ከሾፌሩ ጀርባ የተቀመጡ አሮጊት ዘንቢላቸውን እያመቻቹ «ይቺን ደግሞ ከየት አመጧት? ስትናገር ልብ ታሳርፋለች» አሉ።

«ሚስቴ ናት» አለ ካስማው። አሮጊቷ ዓይኑን በመስታወት አዩና መሀረብ አቀበሉት።

«ቁጥር አራት፣ መንገዱ ክፍት ነው። ውጣ» አለ ድምፁ።

ካስማው አልተንቀሳቀሰም።

«ቁጥር አራት። ውጣ።»

«ሾፌር፣ ተጠራህ እኮ!» አሉ ተሳፋሪዎቹ ከኋላ።

«አልሰማሁም» አለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ እንባው በፈገግታው ላይ እየወረደ። «ትንሽ ቆዩ፤ ትደግመዋለች።»

ከላይ ከመስታወቷ ክፍል፣ ማይክራፎኑ እንደተከፈተ ያ ወፍራም ሣቅ መጣ፣ ጣቢያውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዳረሰ፤ ኃላፊው በር ላይ እንደቆመ ያጣመረውን ክንድ ፈታ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሰምተኸኛል» አለች ደወል። «ማታ ቤት እደግምልሃለሁ። አሁን ሂድ፣ ሰው ሥራ አለው!»

ግቢው በሙሉ ሳቀ። ካስማው የእጅ ፍሬኑን ለቀቀና እንደታዘዘው ሄደ።